የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር «ተስማሚ ሃርድዌር አልተገኘም» እያለ አልጫን ሲል

ጥያቄ፦ የቤት ኤዲተር

ጤና ይስጥልኝ። የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ቤቴ ሆኜ ኤዲት የማደርግ ሰው ነኝ። ለዚሁ ሥራ ብዬ በቅርቡ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ከነግራፊክስ ካርዱ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5 6500፣ ራሙ 16 ጊጋባይት ሲሆን፣ የግራፊክስ ካርዱን ሻጩ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ባለ 4 ጊጋባይት» ብሎ ነው የሸጠልኝ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የካርዱን ስምና የሜሞሪውን መጠን አሳይቶኛል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ጥርጣሬ አልነበረኝም።

ውስጡ የሌላ ሰው ፋይልና ፕሮግራም ስለነበረበት ቤት እንዳደረስኩት ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 10ን እንደ አዲስ ጫንኩበት። ችግሩ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ተለጥጦና ደብዝዞ ይታያል፣ ሪዞሉሽኑ ከ1024 በ768 ከፍ አልል ብሏል፣ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥም በካርዱ ስም ፋንታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ብቻ ተጽፏል። ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ ሆትስፖት ስለሆነ ዳታ እንዳይበላብኝ ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርጌዋለሁ። በሌሊት ፓኬጅ ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ላይ የ1050 ቲአይን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አውርጄ ለመጫን ስሞክር፣ ፋይሎቹን ዘርግፎ ከጨረሰ በኋላ ተስማሚ የግራፊክስ ሃርድዌር ማግኘት አለመቻሉን ገልጾ ያቋርጣል።

ከካርዱ ጋር የተሰጠኝ ሲዲ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ሲዲ ማንበቢያ የለውም። አንድ ጓደኛዬ ሲዲውን በሌላ ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ ገልብጬ ከዚያ እንድጭነው መክሮኛል። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ችግሩ የዊንዶውሱ ነው፣ የድራይቨሩ ነው ወይስ የካርዱ የሚለውን ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ሰዎች ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ አዳማ 64 ቢት

እንደምን ዋሉ። በመጀመሪያ ያወረዱት ድራይቨር ቁጥሩ በስንት እንደሚጀምር ይመልከቱ። ኤንቪዲያ ማክስዌልና ፓስካል ለሚባሉት ትውልዶች መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ያቆመ ሲሆን፣ 1050 ቲአይ ደግሞ የፓስካል ትውልድ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ኦክቶበር 2028 ድረስ ለእነዚህ ካርዶች የሚወጣው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። የ580 ተከታታይ የሚባሉት ድራይቨሮች ለእርስዎ ካርድ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ከ590 ጀምሮ ያሉት ካርድዎን ጨርሶ አያውቁትም፣ ቢሞክሯቸውም የሚሰጡዎት መልእክት አሁን ያዩት ራሱ ነው። «አዲሱ ይሻላል» ብለው ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን አውርደው ከሆነ ችግሩ እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የቆየ ድራይቨር ጠርጎ የሚያወጣውን ፕሮግራም ተጠቀሙ የሚሉ ሰዎች ቢያጋጥሙዎት ጊዜዎን አያባክኑ፤ ዊንዶውሱ ገና እንደ አዲስ የተጫነ ስለሆነ የሚጠረግ ነገር የለም።

መልስ፦ ብሎን ፈቺ

የአዳማው ወንድማችን ያለው ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ድራይቨር ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ሌላ ቁጥር ፈልገው ዳታ ከማውጣትዎ በፊት ምንም ዳታ የማይጠይቅ ምርመራ እንዲያደርጉ እመክራለሁ።

ድራይቨሩ ሊጫን ሲል የሚያነበው በካርዱ ሽፋን ወይም በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። እያንዳንዱ ቺፕ ሲመረት የሚሰጠው መለያ ቁጥር አለ፤ ድራይቨሩ ውስጥ ደግሞ የሚያውቃቸው ቁጥሮች ዝርዝር የያዘ ፋይል አለ። የካርዱ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ይጫናል፣ ከሌለ «ተስማሚ ሃርድዌር አልተገኘም» ይላል። መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙና ከታርጋው ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩን እንደሚያስነብበው ሁሉ፣ እዚህም መነበብ ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ዲቫይስ ማናጀርን ይክፈቱ፤ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር ያለውን ስም በቀኝ ክሊክ ይጫኑና «ፕሮፐርቲስ» ይግቡ። ከላይ ከተደረደሩት ገጾች «ዲቴይልስ» የሚለውን፣ ከዚያም ከተቆልቋዩ ዝርዝር «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ይምረጡ። ከታች ረጃጅም መስመሮች ይመጣሉ። ከመጀመሪያው መስመር የሚያስፈልግዎ ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች የአምራቹን፣ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ የቺፑን ማንነት ይነግራሉ። የኤንቪዲያ 10ዲኢ፣ የኤኤምዲ 1002፣ የኢንቴል 8086 ነው። ትክክለኛ 1050 ቲአይ ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር 1ሲ82 መሆን አለበት። ድራይቨር ባይጫንም ዊንዶውስ ይህን ቁጥር ማንበብ ስለሚችል አሁን ባለበት ሁኔታ ያገኙታል።

እግረ መንገድዎን ደግሞ ኮምፒውተሩን ከኋላ አዙረው ካርዱ ምን ምን መሰኪያ እንዳለው፣ ሽፋኑን ከፍተው ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ካርዱ የሚሄድ ገመድ መኖር አለመኖሩን ይንገሩን። ሲከፍቱ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ገመዱን ከሶኬት መንቀል አይርሱ።

መልስ፦ የቤት ኤዲተር

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያወረድኩት የ580 ተከታታይ ነው፤ ዊንዶውሱም 64 ቢት ነው። በተባልኩት መሠረት ሳነበው አምራቹ 10ዲኢ፣ ሁለተኛው ቁጥር ግን 1244 ሆኖ አገኘሁት። መሰኪያዎቹ አንድ ኤችዲኤምአይ፣ አንድ ዲቪአይና አንድ ሰማያዊ ቪጂኤ ናቸው፤ ሞኒተሬን ያገናኘሁትም በቪጂኤው ነው። ወደ ካርዱ የሚሄድ ባለ 6 ቀዳዳ የኃይል ገመድ አለ፤ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የመጣ ሳይሆን በድሮው የሃርድ ዲስክ መሰኪያ፣ በሞሌክስ፣ ተቀጥሎ የተሰጠ ነው።

መልስ፦ ብሎን ፈቺ

እንግዲህ ነገሩ ተለይቷል። 1244 የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቁጥር ነው። 550 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ፌርሚ የሚባለው ትውልድ ካርድ ሲሆን፣ 1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው 192 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩ የቺፑ ክፍሎች)፣ ሁለተኛው 768 ኮር አለው፤ የመጀመሪያው በመደበኛነት 1 ጊጋባይት፣ ሁለተኛው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ይመጣል።

ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር በእርስዎ ላይ የተጀመረ አይደለም። በተለይ 550 ቲአይና ጂቲኤስ 450 የሚባሉት ያረጁ ካርዶች ሽፋናቸው ተቀይሮ፣ ባዮሳቸው (ካርዱ ላይ ያለው፣ ማንነቱን የሚናገረው መነሻ ፕሮግራም) ተነካክቶ ባለ 4 ጊጋባይት ነኝ እንዲሉ ከተደረጉ በኋላ በ1050 ቲአይ ስም በብዙ አገር ገበያ ሲሸጡ ኖረዋል። ሱቁ ውስጥ ያዩት ስም የመጣው ከካርዱ ጋር በሚሰጠው ሲዲ ላይ ካለው የተለወጠ ድራይቨር ሳይሆን አይቀርም፤ የዝርዝሩ ፋይል ላይ 1244 በሚለው ቁጥር አጠገብ 1050 ቲአይ የሚል ስም ቢጻፍበት ዊንዶውስ የተጻፈለትን ያሳያል እንጂ አይከራከርም። ፎርማት ሲያደርጉት ያ ድራይቨር አብሮ ጠፋ፣ ስሙም አብሮት ሄደ። ለዚህ ነው እውነቱ የወጣው ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ከጫኑ በኋላ የሆነው።

የሰጡን ሌሎች ምልክቶችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። የ1000 ተከታታይ ካርዶች ቪጂኤ የሚፈልገውን የአናሎግ ምልክት በራሳቸው ስለማያወጡ 1050 ቲአይ ላይ ሰማያዊ ቪጂኤ ማየት ብቻውን ለጥርጣሬ በቂ ነው። ኃይሉም እንዲሁ ነው፤ 1050 ቲአይ 75 ዋት የሚፈልግ በመሆኑ አብዛኞቹ የሚበቃቸውን ከማዘርቦርዱ ይወስዳሉ፤ ተጨማሪ ገመድ ያላቸው አሉ፣ ስለዚህ ገመዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። 550 ቲአይ ግን 116 ዋት ስለሆነ ያለ ገመዱ አይሠራም። የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን መሰኪያ ስለሌለው ነው በሞሌክስ የቀጠሉት፤ ይህን ቅጥያ እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ካርዱን እስኪመልሱ ድረስ ሊጠቀሙበት ከፈለጉ ለፌርሚ ትውልድ የወጣው የመጨረሻ ድራይቨር እ.ኤ.አ. በማርች 2018 የተለቀቀው 391.35 ነው። ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ላይ ምርቱን ጂፎርስ 500 ተከታታይ፣ ከዚያ 550 ቲአይ ብለው ሲመርጡ ራሱ ወደዚያ ይወስድዎታል። ሲጭኑ «ኤክስፕረስ» የሚለውን ትተው «ከስተም» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዝርዝሩ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደተመረጠ ይተዉት፣ በኤችዲኤምአይ ድምፅ የሚያዳምጡ ከሆነ የድምፁንም ይጨምሩ፣ ሌላውን ምልክት ያንሱ፤ ከታች «ክሊን ኢንስታሌሽን» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያድርጉ። በመጫን ላይ እያለ ስክሪኑ አንድ ሁለት ጊዜ ጥቁር ይሆናል፤ ተበላሸ ብለው እንዳያጠፉት፣ ተመልሶ ይመጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ያለ ዩፒኤስ ባይጀምሩት ይመረጣል፤ አስቀድሞ የሪስቶር ፖይንት (ችግር ቢመጣ ዊንዶውሱን ወደነበረበት የሚመልስ መነሻ) መፍጠርም ጥሩ ነው።

ድራይቨሩ ተጭኖም ባዮሱ የተነካካ ስለሆነ 4 ጊጋባይት አለኝ ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። ፕሮግራሞች ይህን አምነው ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊሞሉት ሲሞክሩ ስክሪኑ ይዥጎረጎራል ወይም ኮምፒውተሩ ይደርቃል።

መልስ፦ ቀጥታ መስመር

ለወንድማችን ያለኝን ሐሳብ ልሰንዝር። ሰውየው የሚፈልገው ሥራውን መሥራት ነው። ሱቁ ውስጥ በዚያ ሲዲ ሲሠራ ከነበረ ጓደኛው እንደመከረው ወደ ፍላሽ ገልብጦ ቢጭነው ምን ክፋት አለው? ዊንዶውስ ፊርማ (የትክክለኛነቱ ዲጂታል ማረጋገጫ) የሌለው ድራይቨር አልቀበልም ካለም የፊርማ ቁጥጥሩን አጥፍቶ መጫን ይቻላል። ስሙ ምንም ይባል፣ ስክሪኑ ከተስተካከለ ከሻጭ ጋር ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

መልስ፦ ፋየርዎል

በዚህ ሐሳብ አልስማማም። የግራፊክስ ድራይቨር እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የሚታይ ነገር አይደለም፤ ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ገብቶ፣ ጸረ ቫይረሱ ራሱ በሚሠራበት ደረጃ የሚሠራ ነው። ማን እንደለወጠው፣ ከስሙ ሌላ ምን እንደጨመረበት የማይታወቅ ድራይቨር እዚያ ማስገባት፣ ያውም ይህን ለመከላከል የተቀመጠውን የፊርማ ቁጥጥር በገዛ እጅ አጥፍቶ፣ የደንበኞች የሠርግ ቪዲዮና ምናልባትም የባንክ ሒሳብ የሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። ለዚያውም የሚገኘው ጥቅም ስም ብቻ ነው፤ 550 ቲአይን 391.35 ከሚያሠራው በላይ ያ ሲዲ አያሠራውም። ሲዲውን አይጣሉት፤ ለሻጩ የሚያቀርቡት ማስረጃ ነው።

ለጠያቂው ከድራይቨሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ሥራው ነው። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ ፕሮሰሰሩን የሚያግዘው ኤንቬንክ የሚባለው የኤንቪዲያ ክፍል በፌርሚ ካርዶች ላይ የለም፤ የመጣው ከፌርሚ ቀጥሎ ባለው በኬፕለር ትውልድ ነው። የቅርብ ጊዜ የፕሪሚየር (የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ) ስሪቶችም ከ391.35 እጅግ የዘለለ ድራይቨር ነው የሚጠይቁት። ስለዚህ ድራይቨሩ በሰላም ቢጫንም ካርዱ ለኤዲቲንግ የሚፈይደው ነገር ጥቂት ነው። በአንጻሩ ኮር አይ5 6500 ላይ ኤችዲ ግራፊክስ 530 የሚባል የራሱ ግራፊክስ አለ፤ በውስጡም ኩዊክ ሲንክ የተባለ የቪዲዮ መጭመቂያ አለ፤ ኤች.264 እና ኤች.265 የሚባሉትን የቪዲዮ ዓይነቶች ሁለቱንም ይሠራል። እኔ ብሆን ካርዱን ነቅዬ፣ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ አገናኝቼ፣ ኢንቴል ለ6ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ያወጣውን ድራይቨር ጭኜ ሥራዬን እቀጥል ነበር።

ሻጩን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደረሰኝዎ ላይ የካርዱ ስም ከተጻፈ ይዘውት ይሂዱ፤ «ኮምፒውተር» ተብሎ ብቻ ከሆነ የተጻፈው ክርክሩ ይከብዳል። ሻጩ ራሱ ተታልሎ ገዝቶት ሊሆን ስለሚችል በጨዋ ንግግር ቢጀምሩት መልካም ነው።

መልስ፦ የቤት ኤዲተር

የፋየርዎልን ምክር ተከትዬ ካርዱን ነቀልኩት። ማዘርቦርዱ ላይ የቪጂኤና የዲስፕሌይ ፖርት መሰኪያ አለ፤ የኢንቴሉን ድራይቨር ስጭን ሪዞሉሽኑ ወዲያው 1920 በ1080 ሆነ፣ በፕሪሚየር ኤክስፖርት መስኮት ላይም በሃርድዌር ማሠራት የሚለው ምርጫ ተከፍቷል። አሁን ያለኝን ሥራ በዚሁ አስረክባለሁ።

ደረሰኜ ላይ የካርዱ ስም ከነሜሞሪው ተጽፎ ስለነበር ሻጩ ሌላ ካርድ እንድመርጥ ተስማምቷል። ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ ከኋላዬ ሰው እየጠበቀ፣ ካርዱ ትክክለኛ መሆኑን በአጭር ጊዜ ለማረጋገጥ ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ብሎን ፈቺ

ጂፒዩ ዚ የሚባለውን፣ የግራፊክስ ካርድን ማንነት የሚያሳይ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። መጠኑ አነስተኛ ነው፣ መጫንም አያስፈልገውም፤ ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ 2.12 ስሪት ወዲህ በሌላ ስም የተሸጡ የኤንቪዲያ ካርዶችን ሲያገኝ ከስሙ በፊት «ፌክ» የሚል ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ የቆየ ስሪት እንዳይዙ። ጽሑፉ ባይወጣም የቺፑ ስም ጂፒ107፣ የኮሩ ቁጥር 768 መሆኑን ይዩ። የሻጩን ዊንዶውስ ካላመኑት ያን የዲቫይስ ማናጀር ቁጥር እንደገና ያንብቡ፤ 1ሲ82 ነው የሚፈልጉት። 1ሲ81 ካለ እሱ 1050 ነው፣ ሐሰተኛ አይደለም፣ ግን ዋጋውም ከ1050 ቲአይ ያነሰ መሆን አለበት።

የኮምፒውተርዎ ኬዝ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ቁመቱ አጭር የሆነውን ካርድ ከአጭር መያዣ ብረቱ ጋር ይጠይቁ፤ ረጅሙን ይዘው ቤት ከገቡ ኬዙ አይዘጋልዎትም። የኃይል ገመድ የማይፈልገውን ይምረጡ፣ የሞሌክሱንም ቅጥያ እዚያው ይመልሱላቸው። ሞኒተርዎ ቪጂኤ ብቻ ካለው ደግሞ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልግዎታል፤ ይህንም በዚያው ቢያስጨምሩት አይከፋም።

መልስ፦ አዳማ 64 ቢት

ትክክለኛው ካርድ ከመጣ ያንን አስቀድመው በሌሊት ፓኬጅ ያወረዱትን የ580 ድራይቨር አይሰርዙት፤ ለእሱ የሚሆነው እሱው ነው።